መጀመሪያ በጀርባዎ ተኝተው ያስሉ

የአንባቢያንን ጥያቄ የሚመልሱት የዓምዳችን የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ እምብርቴ ወደ ውጭ ወጥቶ ቀረ። ስስ ልብስ ስለብስ ከፊት ጎልቶ ስለሚታይ ሁልጊዜ ሌላ ነገር እደርብበታለሁ። ባለቤቴ «ማን አየው ብለሽ ነው?» ይለኛል፤ እኔ አየዋለሁ። እናቴ ደግሞ «ድሮም እትብትሽን አዋላጇ አርዝማ ቆርጣው ነው» ትላለች። እምብርትን ብቻ የሚያስተካክል ቀዶ ሕክምና እንዳለ ሰማሁ። ልሠራው? ሦስተኛ ልጅ የመውለድ ሐሳብም አለን።

መልስ፦ በቅድሚያ አዋላጇን በነጻ እናሰናብታት። እትብት ሲቆረጥ ጥቂት ጉቶ ይተዋል፤ ጉቶው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ገደማ ደርቆ ይወድቃል፤ የሚቀረው ጠባሳ ነው። ጠባሳው ወደ ውስጥ መግባት አለመግባቱን መቀስ አይወስነውም። የእርስዎ እምብርት ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ደህና ኖሮ ከወሊድ በኋላ ነው የተለወጠው፤ የእናትዎ ክስ ውድቅ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ «ከወለድኩ ወዲህ» ማለትዎ ነው። እትብት ያለፈበት ቦታ በሆድ ግድግዳ ላይ ደካማ ሆኖ ይኖራል። በእርግዝና ሆድ ሲለጠጥ ቀዳዳው ሊከፈትና ስብ ወይም አንጀት ሊገፋበት ይችላል። ይህ የእምብርት ኸርኒያ ነው፤ የቆዳ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ማታ በጀርባዎ ይተኙና እብጠቱን በጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑት። ወደ ውስጥ ገብቶ ከሥሩ ጠርዝ ያለው ቀዳዳ ከተሰማዎት፣ ሲያስሉም ጣትዎን ከገፋው፣ ኸርኒያ የመሆኑ ነገር የጎላ ነው። ቢተኙም ቢቆሙም ካልተለወጠና ሲነኩት ለስላሳ ቆዳ ብቻ ከሆነ ግን የተለጠጠ ቆዳ ሊሆን ይችላል። ይህ የቤት ሙከራ ምርመራን አይተካም፤ ሐኪሙ በእጁ ይመረምርዎታል፣ ካጠራጠረው አልትራሳውንድ ያዛል። እብጠቱ ደንድኖ አልገባ ካለ፣ ካመመዎት፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ማስመለስ ከጀመረዎት ግን አንጀት ታንቆ ሊሆን ይችላልና እስኪነጋ አይጠብቁ።

ኸርኒያ እያለ ቆዳውን ብቻ አሳምሮ መስፋት በተከፈተ በር ላይ መጋረጃ መስቀል ነው። መጀመሪያ ቀዳዳው ይዘጋል፤ ሰፊ ከሆነ ግድግዳውን የሚያጠናክር የሕክምና መረብ ይደረግበታል። መልኩንም በዚያው ቀዶ ሕክምና ማስተካከል ይቻላል።

ቆዳ ብቻ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ይሠራል፤ በዚያው ቀን ቤትዎ ይገባሉ። ሐኪሙ ጠባሳው እንዳይታይ በእምብርቱ ውስጠኛ ጠርዝ በኩል ይቆርጥና ትርፉን ቆዳ ያነሳል። ከዚያ የቀረውን ቆዳ ወደ ውስጥ ስቦ ከጡንቻው ጠንካራ ሽፋን ጋር ይሰፋዋል። ሰዎች ችሎታው ያለው መቁረጡ ላይ ይመስላቸዋል፤ የእምብርቱን ጉድጓድ የምትሠራው ግን ይህች ስፌት ናት። እሷ ከለቀቀች እምብርቱ ተመልሶ ይወጣል። ቅርጹን እንዲይዝ ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) ጥቅል ይወተፋል። ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ነገር አያነሱም። የጠባሳው የመጨረሻ መልክ እስኪለይ እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ስለሚችል በየሳምንቱ መስተዋት ፊት ቆመው አይዘኑ። የሚያጨሱ ከሆነ ከሳምንታት በፊት ያቁሙ፤ ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ቁስል እንዳይሽር ያደርጋል። ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ሲቆስሉ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ የሚወጣብዎ ከሆነም ሳይጠየቁ ይንገሩ። እንዲህ ላለ ሰው ከቀድሞው የባሰ እብጠት ይዞ መውጣት አለና፣ «ይቅርብዎ» ያልኳቸው ታካሚዎች ጥቂት አይደሉም።

«እንደዚህች ይሁንልኝ» ብለው ፎቶ የሚያሳዩኝም አሉ። በጥቅሉ የምንመኘው ትንሽ፣ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ፣ ከላይ በኩል ቆዳ በጥቂቱ ያጠላበት እምብርት ነው። ትክክል መሐል ላይ ያረፈ እምብርት ያለው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ የአብዛኞቻችን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። የሌላውን ሰው እምብርት እንዳለ እቀዳልዎታለሁ የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ያማክሩ።

ወደ ሦስተኛው ልጅ ስንመጣ፣ እሱ ይቅደም። ቀዶ ሕክምናው መውለድን አይከለክልም፤ ሆድ እንደገና ሲለጠጥ ግን የተሠራው ሊበላሽ፣ የተዘጋው ኸርኒያም ሊመለስ ይችላል። ኸርኒያ ሆኖ የሚያምዎት ከሆነ ውሳኔው ይለያል፤ እሱን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። ባለቤትዎም «ማን አየው» ማለቱን ትቶ ለምርመራው ቀጠሮ ይያዝልዎ።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ሰው ነኝ። በቅርቡ እምብርቴ ውስጥ የጣት ጫፍ የምታህል ጠንካራ እብጠት ወጣች። አታምም፤ ስተኛም አትገባም። ልጄ «ውበት ክሊኒክ ሄደህ አስነሳት» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውበት ክሊኒክ አይሂዱ። በእርስዎ ዕድሜ አዲስ የወጣች፣ የደነደነችና የማትገባ እብጠት ከመነሳቷ በፊት ምንነቷ መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ሮቼስተር ከተማ የቀዶ ሐኪሙ የዊልያም ማዮ ረዳት የነበሩት መነኩሲት ሜሪ ጆሴፍ ዴምፕሲ፣ ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጁ ሕሙማንን ሆድ ሲያጥቡ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ እምብርታቸው ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ያለባቸው አንዳንድ ሕሙማን ሆዳቸው ውስጥ የተሠራጨ ካንሰር ይገኝባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሚልተን ቤይሊ ምልክቱን በእሳቸው ስም ጠራው። የእርስዎ የግድ ያ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቆዳ ውስጥ የተፈጠረ ከረጢት (ሲስት) ወይም አሮጌ ኸርኒያ ውስጥ የተያዘ ስብም ሊሆን ይችላል። በዓይን አይቶ መለየት ስለማይቻል ግን ከእብጠቷ ናሙና ይወሰዳል፣ ሆድዎም በምስል ይታያል። በዚህ ሳምንት ወደ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ይሂዱ፤ ክብደት ቀንሰው ወይም የምግብ ፍላጎትዎ ጠፍቶ ከሆነም ይንገሩት።