መልስ፦ የሐዋሳን ጥሬ ዓሣ ልቅመስ ወይስ ይቅርብኝ?

ወንድሜ፣ «ጃፓኖች ጥሬ ዓሣ ይበላሉ፤ እኔስ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄጄ ብቀምስ ምን አለበት?» ብለሃል። ሐዋሳ ነው ያደግኩት። ጥሬው በአዋዜና በሎሚ ሲቀርብ እንዴት እንደሚያስጎመጅ አውቃለሁ። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። የጃፓኖቹ በብዛት የባሕር ዓሣ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ በጥሬው ለሚበላ ዓሣ የሚመክረው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ማቆየትን ነው፤ በዓሣው ውስጥ ሊኖር የሚችለው ትል እንዲሞት። የእኛ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ግን ከጀልባ እንደወረደ ነው የሚቆረጠው። ሎሚና ሚጥሚጣ ትል አይገድሉም! ስለዚህ ጥሬው ይቅርብህ። ጥብሱን እዘዝ። ጎኑ ተተልትሎ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ዳር ዳሩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። የዓሣ ዱለቱንም እንዳትረሳ፣ ቃሪያው በዛ ይበል። በጠዋት ሂድ፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ።