«ሻለቃ ሆኖ ነው የቀረው» ላልከኝ ልጅና ለእኩዮችህ

«ጋሼ፣ ዊንተርስ እኮ ሻለቃ ሆኖ ነው የቀረው። ታዲያ ጨዋነቱ ምን ጠቀመው?»

ይህን የጠየቀኝ የእህቴ ልጅ ነው። እዚሁ አዳማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። በቅርቡ የጥገና ቡድን መሪ ሆኗል። በፍላሽ ጭኖ ያመጣልኝን፣ ዊንተርስ የሚባል መኮንን ያለበትን የጦርነት ድራማ አብረን እያየን ነበር። ያኔውኑ መልስ አልሰጠሁትም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስንት ዘመን የተኛ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ለእሱ ብቻ ልነግረው አስቤ ነበር። ብዙዎቻችሁ በእሱ ዕድሜ አለቃ እየሆናችሁ ስለሆነ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ጻፍኩት።

ድራማው «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ» ይባላል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 10 ክፍል ያለው፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተሠራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ የአንድ የአሜሪካ አየር ወለድ ሻምበል ጦር ታሪክ ነው። መጀመሪያ አዛዣቸው ሶበል የሚባል መኮንን ነው። ሰው ማዋረድ ይወዳል። ጥፋት ባይኖር ፈልጎ ያመጣል። ሃምሳ አለቆቹ ነገሩ ሲመርራቸው፣ ሊረሸኑ እንደሚችሉ እያወቁ፣ «በዚህ ሰው ሥር አንዋጋም» ብለው ማዕረጋቸውን በጽሑፍ መለሱ። ዊንተርስ የዚያው ሻምበል ጦር መኮንን ነው። ኖርማንዲ በወረዱበት ቀን፣ ጁን 6 ቀን 1944፣ ጥቂት ሰዎች ይዞ 4 የጀርመን መድፎችን ዝም አሰኘ።

ሰው የሚያደንቀው ያንን ውጊያ ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ቦታ ነው። በ1945 መጀመሪያ፣ አግኖ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ውስጥ ናቸው። ጦርነቱ ሊያልቅ ነው። ሌሊት ወንዝ ተሻግረው ምርኮኛ እንዲያመጡ ይታዘዛሉ። ያመጣሉ፤ አንድ ልጅ ግን ይሞትባቸዋል። ኮሎኔሉ በውጤቱ ደስ ብሎት «ነገም ድገሙት» ይላል። ዊንተርስ አለቃው ፊት አልተከራከረም። ወደ ልጆቹ መጥቶ ግን፣ ዛሬ ሌሊት በደንብ ተኙ፣ ጠዋት ተሻግረን ምርኮኛ አጣን ብላችሁ ሪፖርት አድርጉልኝ አላቸው። ቢነቃ ተጠያቂው እሱ ነው። በዚያ ሌሊት አንድም ሰው አልሞተም።

እዚያ ላይ ስደርስ የጥንቱ አለቃዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ጊዜው 1976 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አገሩ ሁሉ ለ10ኛው የአብዮት በዓልና ለኢሠፓ (ለኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ምሥረታ ሽር ጉድ ይላል። በሰሜን ሕዝብ በረሃብ እየረገፈ ነበር፤ ከተማው ግን ቀይ ጨርቅ በቀይ ጨርቅ ሆኗል። እኔ ከናዝሬት ብዙ ሳይርቅ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ረዳት መካኒክ ነበርኩ። ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። ፋብሪካው ለበዓሉ ኮታውን አልፎ እንዲገኝ ታዟል። ማሽን ማቆም የሚባል ነገር የለም።

ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ዋናው የእንፋሎት ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ማፏጨት ጀመረ። እንፋሎት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከማሰሮ የሚወጣውን ነጭ ጉም አይደለም የምላችሁ። ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ከቀዳዳው ሲወጣ አይታይም። ጉሙ የሚታየው ራቅ ብሎ ነው። በቀዳዳውና በጉሙ መሀል ባዶ አየር ይመስላል፤ እጅህን ብትሰድ ግን ሥጋህን ገሽልጦ ይወስደዋል። የድሮ ሠራተኞች የሚያፈስበትን ቦታ ለማወቅ ረጅም መጥረጊያ ዘርግተው ቀስ እያሉ ይጠጉ ነበር። የመጥረጊያው ጫፍ ሲበተን እዚያ ነው ማለት ነው።

የፈረቃው ኃላፊ ለሥራ አስኪያጁ ቤቱ ደወለ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ድምፁ ከስልኩ ውጪ ይሰማል። «እንዳይቆም! እየሠራ አጥብቁት» አለ። እንፋሎት ያለበትን ብሎን አጥብቁ ማለት ነው። ሁለታችን ተመደብን። እኔና አንድ ሚስቱ በዚያው ሳምንት የወለደችለት ልጅ። ጓንት አጠለቅን። ቱታችንን እስከ አንገታችን ቆለፍን። ጓደኛዬ ምንም አላለም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

የጥገና ኃላፊያችን የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ቤቱ ግቢው ውስጥ ነው። ፉጨቱን ሰምቶ በፒጃማው ላይ ኮት ደርቦ ሮጦ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነበር። የግፊት መለኪያውን አየ። እኛን አየ። «ጓንታችሁን አውልቁ» አለን። ሌላ ምንም አላለም። ስልኩን አነሳና «ልዘጋው ነው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለው ጥርት ብሎ ተሰምቶኛል። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ነው ያለው። ከዚያ ስልኩን ዘጋው።

ኃላፊያችን የቫልቩን መሪ በገዛ እጁ አዙሮ ዘጋ። ቀጥሎ የፈረቃውን መዝገብ አስመጣ። ብዕር ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ቁጭ አለና ጻፈ። «እንፋሎቱ እንዲዘጋ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የፈረቃው ሠራተኞች ትእዛዝ ፈጻሚዎች ናቸው።» ሰዓቱን ጻፈ። ፈረመ። ከዚያ የፈረቃው ኃላፊ ጮክ ብሎ ለሁላችንም እንዲያነበው አደረገ። ለምን እንደሆነ ያኔ ሁላችንም ገብቶናል። በዚያ ዘመን ምርት ማቆም «የኢኮኖሚ አሻጥር» ሊባል ይችላል። አሻጥር ከተባለ ደግሞ ሰው ይታሰራል፤ ከዚያም የከፋ አለ። በማግሥቱ ካድሬው ቢጠይቀን ሁላችንም አንድ ቃል እንድንናገር፣ ቃሉም ጣታችንን ወደ እሱ የሚያስቀስር እንዲሆን ነው ያስነበበው።

ቱቦው ሲቀዘቅዝ ከፈትነው። ጓርኒሲዮኑ፣ መጋጠሚያው መሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ ባንድ ወገን ተበልቶ አልቋል። አንዱን ብሎን በመፍቻ ስነካው አናቱ ተቆርጦ እጄ ላይ ቀረ። ያንን ብሎን ነበር አጥብቁ የተባልነው።

ስብሰባው ላይ እኔ አልነበርኩም። የነበረ ሰው እንደነገረኝ ሥራ አስኪያጁ «ሲቆም አልተነገረኝም» አለ። ኃላፊያችን «ደውዬልህ ነበር» አላለም። ቢል ምስክር ይባላል፤ ምስክሮቹ እኔና የፈረቃው ኃላፊ ነን። «መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ሩቅ አገር፣ ዝቅ ያለ ሥራ ላይ አዛወሩት። ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ገባ፤ አደገም።

የሄደ ዕለት ፍራሹንና ሁለት ሻንጣ ፒካፕ ላይ ጭኖ ነበር። እኛ በር ላይ ቆመን አየነው። ቀርቦ እጁን የጨበጠ የለም። አብሮ መታየት ያስፈራ ነበር። ደብዳቤ እጽፍለታለሁ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። በኋላ አገሩ ተለዋወጠ፣ አድራሻውም ጠፋ። ጊዜ አልፎ ሴት ልጁን አዲስ አበባ ሳገኛት እሱ አርፏል። የሌሊቱን ነገር ነገርኳት። ሰምታው አታውቅም። «አባዬ ለምን እንደተዛወረ ነግሮን አያውቅም» አለችኝ። እንደገና ንገረኝ አለችኝ፤ እንደገና ነገርኳት። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ሁለት እጅ አለኝ፤ የሁለቱ እጆቼ ባለውለታ ግን ከአፌ አንድ ቃል ሳይሰማ ሄደ።

ያ ጓንት አብሮኝ ያጠለቀው ጓደኛዬ በሰላም ጡረታ ወጥቷል። ያኔ የተወለደው ልጅ 40 አልፎታል። እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ሱቅ አለው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አያቸዋለሁ። የእህቴ ልጅ፣ «ምን ጠቀመው» ላልከኝ ያለኝ መልስ እነዚህ ልጆች ናቸው። ለኃላፊያችን ለራሱ አልጠቀመውም። ልዋሽህ አልችልም። ጎድቶታል።

ሐቀኛ አለቃ ሁልጊዜ ያሸንፋል የሚሉ ንግግሮች አልወድም። የአገራችንን ታሪክ እዩ። በ1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ይዋጋ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ ተረሸኑ። ወዲያው በመጋቢት ናደው አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። አስረሻኙ ደግሞ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱን ጥሎ ወደ ዚምባብዌ ሄደ። በዚያ ሰሞን ወታደሮች እግራቸው አብጦ፣ ጫማቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው በከተማችን ሲያልፉ አይቻለሁ። እናቶች ደጃፍ ላይ ውሃና እንጀራ ይዘው ይቆሙ ነበር። አንዱ ወታደር ውሃውን ተቀብሎ ሳይጠጣ ብዙ ቆየ። «አዛዦቻችን የት እንዳሉ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም።

ስለ ሶበል ግን አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ኩራሂ የሚባለውን ተራራ ሽቅብ ወደ 5 ኪሎ ሜትር፣ ቁልቁል ያንኑ ያህል ሲያስሮጣቸው የከረመው እሱ ነው። ከእሱ ጋር ተጣልተው ከነበሩት መካከል በሕይወት የተረፍነው በእሱ ሥልጠና ነው ያሉ አሉ። ቅድም ክፉ አለቃ አድርጌ አቀረብኩት፤ አሁን ደግሞ እያመሰገንኩት ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ለዚህ ነው እናንተ ወጣቶች ኮስተር ያለ አለቃ ሁሉ ጨካኝ፣ የሚስቅላችሁ ሁሉ ደግ የሚመስላችሁ የማይገባኝ። የእኔ ኃላፊ ፈገግ ሲል አይቼው አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ግን ትከሻችንን እየመታ «እንዴት ናችሁ ጎበዞች» ይለን ነበር።

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ሆቴሉ ሁሉ የአመራር ሥልጠና ነው። ሻይ ቡና አለ፣ አበል አለ፣ መጨረሻ ላይ የምስክር ወረቀትና ፎቶ አለ። ሥልጠና ጥሩ ነው፤ አትሂዱ አልልም። ነገር ግን ከዚያ ወጥታችሁ ፎቶውን ለመለጠፍ የምትቸኩሉትን ያህል፣ ከናንተ በታች የሚሠራው ልጅ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ሌሊት በምን ወደ ቤቱ እንደሚገባ ለማወቅ ስትቸኩሉ አላይም። ሁላችሁም አይደላችሁም፤ ብዙዎቻችሁ ግን። ደመወዝ ትንሽ ከጨመረላችሁም በዓመቱ ሌላ ቦታ ናችሁ። ኑሮው አስገድዷችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም በናንተ ዘመን ብሆን ምናልባት እንደናንተ አደርግ ነበር። ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ የወሰነውን ውሳኔ ፍሬ ያላየ ሰው አለቅነትን ከየት እንደሚማረው አላውቅም።

ሰዓት አክብር፣ አትስረቅ፣ ሰው አትሳደብ እያልኩ አልመክርህም። እናትህ አሳድጋሃለች። ሁለት ነገር ብቻ ልንገርህ። አለቃህ በስልክ «አንተ ታውቃለህ» ካለህ ሰዓቱን መዝገብ ላይ አስፍር፣ ከሥሩ በስምህ ፈርም። ከበታችህ ያሉት ስማቸው እዚያ አይግባ።

ሁለተኛው ቅርብ ነው። ለፋሲካ የሌሊት ፈረቃ ማን እንደሚገባ ገና አልተመደበም ብለኸኝ ነበር። ያ ኃላፊዬ የበዓል ሌሊት ለማንም አልሰጠም፤ እየጾመ ራሱ ያድር ነበር። አንተም ያንተን ስም አንደኛ ላይ ጻፍ። እናትህ ትቆጣለች፤ እሷን ለእኔ ተዋት። ከቅዳሴ መልስ ዶሮውን በሰሃን ይዤልህ እመጣለሁ፤ ለጥበቃዎቹም የሚበቃ እንጀራ አስጋግራለሁ።