ያገለገለ ላፕቶፕ በስጦታ ከመሰጠቱ በፊት ጭረቱን ምን እናድርገው? (ጥያቄና መልስ)

ካቻቢቴ (መላሽ)፦ ጥያቄያችሁን አምጡ። ሁለት ነገር ግን አብራችሁ ጻፉ፤ ሽፋኑ ከምን እንደተሠራና ጭረቱ ጥፍር ይይዝ እንደሆነ። ጥፍራችሁን ጭረቱን አቋርጣችሁ ሳቡት፤ ካልተደናቀፈ ላይ ላዩን ነው። ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ ከሥር በማይታይ ጥግ ሞክሩ። ላፕቶፑ ጠፍቶ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ።

ጽጌ፦ ለእህቴ ልጅ የምሰጠው ግራጫ ማክቡክ ነው። ክዳኑ ላይ ረጅም ጭረት አለ፣ ጥፍር ትንሽ ይይዛል። በብርጭቆ ወረቀት ላለስልሰው?

ካቻቢቴ፦ እንዳታደርጊው፣ እህቴ። ያ ግራጫ የተቀባ ቀለም አይደለም። አሉሚኒየሙ አሲድ ውስጥ ሆኖ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ላዩ ላይ ኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ማቅለሚያው የሚገባው በኦክሳይዱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። አኖዳይዝ የሚባለው ይህ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 25 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ቢሆን ነው። የብርጭቆ ወረቀት በጥቂት ምልልስ ይጨርሰውና ከሥሩ ራቁት ብረት ይወጣል። ቀጭን መስመር የነበረው ሰፊ ነጭ ጠባሳ ይሆናል፤ ቤት ውስጥ የሚመልሰው ነገር የለም።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል። ኦክሳይዱ ከአሉሚኒየሙ እጅግ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ቁልፍና ሳንቲም ብዙ ጊዜ አይጭሩትም፣ የራሳቸውን ብረት ላዩ ላይ ያራግፋሉ እንጂ። ማይክሮፋይበር ጨርቅ በ70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ አርጥበሽ ጥረጊ። ከዚያ በንጹሕ ነጭ ላጲስ በጭረቱ አቅጣጫ ቀስ እያልሽ እሺ። ከተራገፈው ብረት የመጣው ምልክት በዚህ ይደበዝዛል። የቀረው እውነተኛው ጭረት ነው፤ እሱን ተዪው። ቀለሙ ጥቁር ግራጫ ከሆነና ጭረቱ እንደ ብር የሚያበራ ከሆነ፣ የሚመሳሰል ቋሚ ማርከር በጭረቱ ውስጥ ብቻ አስኪጂና የተረፈውን ወዲያው ጥረጊ። ጉድጓዱን አይሞላውም፣ ብልጭታውን ግን ያጠፋል። እጅ ከሚያርፍበት ቦታ ቶሎ ይለቃል፤ ክዳን ላይ ይቆያል።

ናሆም፦ የጥርስ ሳሙናስ?

ካቻቢቴ፦ አይሆንም። ቤኪንግ ሶዳም አይሆንም፤ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ አኖዳይዙን ሊጎዳው ይችላል።

ማለዳ፦ የኔ ላፕቶፕ ላይ የጥርስ ሳሙና ሠርቷል እኮ።

ብራና፦ የሠራ የመሰለሽ ነጩ ቅሪት ጭረቱን ስለሞላው ይሆናል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ እይው።

ማለዳ፦ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነው፣ ጠርጌዋለሁ፣ የለም።

ካቻቢቴ፦ ሁለታችሁም ስለተለያየ ሽፋን ነው የምታወሩት። ለዚህ ነው ከምን እንደተሠራ ጻፉ ያልኩት። የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ በደቃቅ ዱቄት ይታሻል፤ ግን የጥርስ ሳሙና ሻካራነቱ ከዓይነት ዓይነት ይለያያል፣ የመኪና ቀለም ማለስለሻ ፖሊሽ ግን ሻካራነቱ የታወቀ ነው። ጭረቱን በውሃ አርጥቡት፤ እርጥብ ሳለ ከጠፋ በፖሊሽ ይወጣል፣ ካልጠፋ አትድከሙ። የአተር ፍሬ የምታህል ፖሊሽ፣ በእጅ፣ አንድ ቦታ ከ2 ደቂቃ ሳይበልጥ። በማሽን ከሆነ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ደብዛዛ ፕላስቲክ ላይ ግን ፖሊሽም፣ ሰምም፣ ያ ቆሻሻ የሚፍቀው ነጩ ሜላሚን ስፖንጅም አይነካም። ደብዛዛ ያደረገው ጥቃቅን ሸካራነቱ ነው፤ እሱን ስታለሰልሱ የሚያበራ ነጠብጣብ ይቀራል። መዳፍ የሚያርፍበት ቦታና ቁልፎቹ ያበሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ላፕቶፔ ተጭሯል፣ ምን ላድርግ?

ካቻቢቴ፦ ከምን ተሠራ? ጥፍር ይይዛል?

ሰናይ፦ ክዳኑ እንደ ላስቲክ ለስላሳ ነበር፤ አሁን እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል።

ካቻቢቴ፦ ጭረት አይደለም። ላስቲክ የሚመስለው የፖሊዩሪቴን ልባስ በእርጥበት ፈርሷል፤ መጽዳት አያድነውም፣ ሙሉ በሙሉ ይነሣ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ አይሶፕሮፒል፣ ብዙ ጨርቅ፣ ክፍት መስኮት። ግማሹን አንሥተህ ግማሹን አትተው፤ ድንበሩ ያስጠላል። ልባሱ ላይ የታተመ ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። አሴቶን አትጠቀም፤ ሥሩ ያለውን ፕላስቲክ ያሟሟዋል። የጥፍር ቀለምም ፕላስቲክ ላይ አይቀባም፤ እሱም ውስጥ አሟሚ አለ።

ብራና፦ ይህ ሁሉ ከሚሆን ስቲከር ሽፋን ለብሶ ይሰጥ። አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ጽጌ፦ ጉዳቱን ደብቆ መስጠት ግን ልክ ነው?

ናሆም፦ ስጦታ ነው እኮ፣ ሽያጭ አይደለም።

ጽጌ፦ ስጦታም ቢሆን ተቀባዩ ማወቅ አለበት።

ካቻቢቴ፦ ይህን ክርክር ለብቻው አድርጉት። ስቲከር ሽፋኑ ለክዳኑ ጥሩ ነው። መዳፍ ማረፊያው ላይ ግን ከለበሰ ክዳኑ ሲዘጋ ስክሪኑን ይጫነዋል። የብረት መልክ ያለው ሽፋንም አንቴናው ያለበትን የፕላስቲክ መስመር ከሸፈነ ዋይፋዩ ይዳከማል። የአየር መውጫውን አትድፈኑ፤ ከሥር ያለውን መለያ ቁጥር አትላጡ።

አዲስ ገቢ፦ ፕላስቲክ ነው። ጭረቱ ታችፓዱ አጠገብ ነው፣ ጥፍር አይይዝም። ታችፓዱ ራሱ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ የሥሩ ክዳንም ጥግ ላይ አይገጥምም።

ካቻቢቴ፦ ጭረቱን እርሳው። ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ከአሁን ጀምሮ ቻርጅ አታድርገው፣ አጥፋው፣ ታችፓዱን ወደ ታች አትጫነው፣ ብሎን እያጠበቅክ ክዳኑን ለማስገጠም አትሞክር። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ሲታጠፍ ወይም ሲበሳ ሊነድ ይችላል። ከፍቶ የሚያውቅ ሰው የባትሪውን ሶኬት ይንቀለው፤ ባትሪው በሌላ ይተካ፤ አሮጌው ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣል። ይህ ሳይስተካከል ለማንም አይሰጥም። ሌሎቻችሁም ስጦታውን ከመጠቅለላችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና አራቱም ጥግ እኩል ያርፍ እንደሆነ እዩ።

ሰናይ፦ ስክሪኑ ላይ የቁልፎች ቅርጽ ታትሟል።

ካቻቢቴ፦ ብዙውን ጊዜ የጣት ቅባት ነው። የተጣራ ውሃና ማይክሮፋይበር። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አይነካውም። ካልወጣ ልባሱ ተፍቋል፤ በፖሊሽ አይወጣም።

ማለዳ፦ የሥሩ ክዳን ጥልቅ ጭረትና የተሰበረ ጥግ አለው። ቀለም ልቀባው?

ካቻቢቴ፦ ቀይሪው። የሥሩ ክዳን በብዙ ሞዴል በብሎን የተያዘ ነው። ሻጮች የላይኛውን ክዳን ኤ፣ የስክሪኑን ዙሪያ ቢ፣ የኪቦርዱን ፍሬም ሲ፣ የሥሩን ዲ ይሉታል፤ ያንቺ ዲ ነው። ቲንክፓድ (የሌኖቮ ላፕቶፕ) ከሆነ ኤፍ አር ዩ የሚባለውን የክፍል ቁጥር ፈልጊ፤ ሞዴሉ አንድ ሆኖም ሶኬቱ ያለበት ቀዳዳ ሊለያይ ይችላል። ስትፈቺ ብሎኖቹን እንደ ቦታቸው ወረቀት ላይ ደርድሪ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ሲውን ከውስጥ ይወጋዋል።

ናሆም፦ ፋይሎቼን እንዴት ላጥፋ?

ካቻቢቴ፦ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ከአካውንቶችህ ውጣና ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መልሰው።

ጽጌ፦ በላጲስ ሞከርኩት፤ አብዛኛው ጠፋ። የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ብቻ ብነካውስ?

ካቻቢቴ፦ ትንሽም አይነካም፣ ጽጌ። የቀረው ጥፍር የሚይዘው ነው። ማርከሩን ከሥር ሞክሪና ቀለሙ ከገጠመ የማርከሩን ቀለም በስቴኪኒ ጫፍ እያነሣሽ በጭረቱ ውስጥ ብቻ አስገቢ።