ገዳዩ በአመክሮ ሊወጣ ነው፤ ቋሚ ኮሚቴው ያስቆምልኛል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የዛሬ 8 ዓመት በጸብ በሰው እጅ ሞተ። ገዳዩ ጥፋተኛ ተብሎ 15 ዓመት ተፈረደበት። ሰሞኑን የተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ስለ ታራሚዎች አያያዝና ስለ አመክሮ ሲወያይ በዜና ሰማሁ። ዘመዶቹም «በቅርቡ ይወጣል» እያሉ ነው። ስለ ታራሚ መብት ሲወራ እሰማለሁ፤ ስለ እኔና ስለ ሦስት ልጆቼ የሚያወራ ግን የለም። ለኮሚቴው አቤት ብዬ እንዳይፈታ ማድረግ እችላለሁ? በፍርድ ቤት ካሳ ጠይቄ አላውቅም። ሽማግሌዎች መጥተው ነበር፤ እሱ አልፏል።

መልስ፦ ፈጣሪ ያጽናዎት እህቴ። ሦስት ልጅ ብቻዋን ላሳደገች እናት 8 ዓመት ሐዘኑን እንዳላቀለለው ከደብዳቤዎ ይታያል።

በቀጥታ የጠየቁኝን ላስቀድም። ቋሚ ኮሚቴው አንድን ታራሚ «አትፍቱት» ብሎ ማዘዝ አይችልም። «ፍቱት» ብሎም አይችልም። የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኞችን ከማንኛውም የመንግሥት አካል ተጽዕኖ ነፃ ያደርጋቸዋል። አመክሮ (ታራሚ ቅጣቱ ሳያልቅ በጠባይ ግዴታ መፈታቱ ማለት ነው) የሚሰጠውም የሚከለክለውም ፍርድ ቤት ነው። የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሥራው ሌላ ነው። የአስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶችን ይከታተላል፣ ሪፖርት ይሰማል፣ ማረሚያ ቤት ሄዶ ያያል፣ የሚመራለትን የሕግ ረቂቅ ይመረምራል። እዚያ የሚገባ አቤቱታ ጥቅም የለውም አልልም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የፈረደው የፌዴራል ፍርድ ቤት ይሁን የክልል አልነገሩኝም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድርጊቱ የተፈጸመው አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ከሆነ ጉዳዩ በአብዛኛው የፌዴራል ነው። ክልል ውስጥ ከሆነ ግን ማረሚያ ቤቱም፣ ይቅርታ የሚሰጠውም፣ የሚከታተለው ምክር ቤትም የክልሉ ነው። አቤቱታዎን ለተሳሳተ በር እንዳይወስዱ መጀመሪያ ይህን ያጣሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ሽማግሌዎች መጥተው ነበር፤ እሱ አልፏል» ብለዋል። እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ምኑ ነው ያለፈው? ወረቀት ተጽፏል? ፈርመዋል? ገንዘብ ተሰጥቶዎታል? የተጻፈውና በእጅዎ የገባው እኩል ነው? ለልጆቹስ ማን ፈረመ? ኮፒው አለዎት? ይቅርታ ያድርጉልኝና እህቴ፣ ይህን ከደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጥለውት ማለፍ አልነበረብዎትም። ጉዳይዎ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሽምግልናን አላጣጥልም። ደም በደም እየተመላለሰ ስንት ቤተሰብ እንዳያልቅ ያደረጉ ሽማግሌዎች አሉ። ተበዳዮችን ደጋግሞ የሚጎዳው ወረቀቱ ነው። በሐዘን ሰሞን፣ ዘመድ አዝማድ ከብቦ «ለነፍሱ ብለሽ» እያለ ይፈረማል። ብዙ ጊዜ የሚያጽፈው የጥፋተኛው ወገን ነው። እንዲህም ይላል፦ «ታርቀናል፤ ካሳችንን ሙሉ በሙሉ ተቀብለናል፤ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም»። በእጅ የገባው ግን ከተባለው ጥቂቱ ነው። «ቀሪውን ቀስ ብለን እንሰጣለን» ይባላል። ለቀሪው የተጻፈ ነገር የለም፤ ቀን የለውም፤ ዋስም የለውም።

ፈራሚዋ ወረቀቱ ለእርቁ ዕለት ብቻ የሚያገለግል ይመስላታል። በተግባር ግን ሦስት ጊዜ ሊሠራ ይችላል።

መጀመሪያ በቅጣቱ ላይ ይሠራል። ግድያ በእርቅ የሚዘጋ ክስ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 82፣ ጥፋተኛው ከልቡ ተጸጽቶ ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን ከካሰ ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። የፍርዱ ግልባጭ ካለዎት ስለ ቅጣት ማቅለያ የሚለውን ክፍል ያንብቡ። የእርስዎ ፊርማ እዚያ ውስጥ ተጠቅሶ ሊያገኙት ይችላሉ።

ሁለተኛው እርስዎን አሁን የሚመለከተው ነው፤ አመክሮ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲፈጽም በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት 20 ዓመት ነው። ከ15 ዓመት ሁለት ሦስተኛው 10 ዓመት ነው፤ ከፍርድ በፊት በእስር የቆየበት ጊዜም በደንቡ ይታሰብለታል። ስለዚህ ዘመዶቹ «በቅርቡ» ያሉት ከሒሳቡ ብዙ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ጊዜ መሙላት ብቻውን አያስፈታም። በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት አለበት። ሲወጣም በጥሩ ጠባይ ይኖራል ተብሎ መታመን አለበት። ከዚህም ሌላ ሕጉ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ በፍርድ ቤት የታወቀውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ጉዳት በተቻለው መጠን መካስ።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። እርስዎ በፍርድ ቤት ካሳ ጠይቀው አያውቁም። ስለዚህ በፍርድ ቤት የታወቀ ጉዳት የለም። ወረቀቱ «ሙሉ ካሳ ተቀብለናል» የሚል ከሆነ ደግሞ በስምምነት የተወሰነውም ተከፍሏል ማለት ነው። ሕጉ ለእርስዎ የከፈተው በር በሁለቱም በኩል ተዘጋ። ዳኛው መዝገቡን ሲያገላብጥ ያልተከፈለ ነገር አያይም። «እኔና ልጆቼን ማንም አላየንም» ሲሉ ስሜትዎ እውነት ነው። ዳኛው ግን መዝገብ ላይ የሌለን ጉዳት ከየት አምጥቶ ያየዋል?

ሦስተኛው ይቅርታ ነው። በፌዴራል ደረጃ ይቅርታ የሚደረገው በፕሬዚዳንቱ ሲሆን፣ ሥነ ሥርዓቱ በአዋጅ ቁጥር 840/2006 ተደንግጓል። ከተበዳይ ወገን ጋር የተደረገ እርቅ በይቅርታ ጥያቄ ላይ ትልቅ ክብደት ይሰጠዋል። ያው ወረቀት ከፋይሉ ወጥቶ እንደገና ይቀርባል።

ወረቀቱ ገንዘቡንም ሊያስቀርብዎ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ክርክርን ለመጨረስ የተደረገ ስምምነት በተስማሙት ሰዎች መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ፈርመው «ተቀብያለሁ» ያሉትን በኋላ «አልተቀበልኩም» ብሎ በምስክር ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ወረቀቱን ሳላይ «መብት አለዎት» ወይም «የለዎትም» የማልለው። ማንም ጠበቃ ቢሆን ሳያየው እንዲህ ቢልዎት አይመኑት።

እንግዲህ መንገዱ እንደ ወረቀቱ ይለያያል። ምንም ካልፈረሙ የካሳ ክስ ለብቻው ማቅረብ ይቻላል። ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ መጠየቂያው ጊዜ ፍርዱ ሲሰጥ አልፏል። ብዙ ሰው «2 ዓመት አልፎኛል» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። እውነት ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ለእንዲህ ዓይነት ክስ 2 ዓመት ይሰጣል። ያው አንቀጽ ግን ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ከሆነና የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ (ክስ የማቅረቢያ ገደብ) ካስቀመጠ ረዥሙ ይሠራል ይላል። በሰው ግድያ ይህ ጊዜ ከ2 ዓመት በብዙ ይረዝማል። የትኛው የወንጀል አንቀጽ እንደተጠቀሰበት ከፍርዱ ላይ ታይቶ ነው የሚሰላው። ስለዚህ የፍርዱን ግልባጭ ሳይዙ ጠበቃ ጋ አይሂዱ።

ወረቀቱ «ይህን ያህል ተሰጥቷል፣ ይህን ያህል ይቀራል» የሚል ከሆነ ቀሪውን በውሉ መሠረት መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ ጠቅላላው ይርጋ 10 ዓመት ነው። ከ8ቱ ዓመት ውስጥ ምን ያህሉ ከዚህ ላይ እንደተቆጠረ አላውቅም፤ እርስዎ ያውቁታል። ጊዜዎ እያለቀ ሊሆን ስለሚችል ይህን ለሌላ ወር አያስተላልፉት። አስፈራርተው ወይም አታለው አስፈርመውኝ ነበር የሚሉ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ውል ይፍረስልኝ የሚል ክስ የሚቀርበው ምክንያቱ ከቀረበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

የልጆቹን ነገር ለብቻው እናየዋለን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2095 ለሟች የትዳር ጓደኛ፣ ለወላጆቹና ለልጆቹ ለእያንዳንዳቸው በራሳቸው ስም የመጠየቅ መብት ይሰጣል። የልጆቹ መብት የእርስዎ አይደለም፤ የራሳቸው ነው። እርስዎ የፈረሙት እነሱን ያስር እንደሆነ በእርግጥ ክርክር የሚያስነሳ ነው። ጠበቃዎ በመጀመሪያ እንዲያይልዎ የምፈልገው ይህን ነው።

ካሳው ስንት ይሆናል ብለው ሳይጠይቁኝ አይቀርም። ዋናው የቀረብዎት መተዳደሪያ ነው። ስለዚህ የባለቤትዎን ገቢ የሚያሳይ ማንኛውንም ነገር ይሰብስቡ፦ የደመወዝ ማስረጃ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ። የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝም ይጨመር። ለኅሊና ጉዳት ብዙ አይጠብቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 ለዚህ ከ1,000 ብር በላይ አይፈቅድም። አዎ፣ አንድ ሺህ ብር። ለባል ሞት ሐዘን ዛሬ ይህን መጻፍ ለእኔም ያሳፍራል።

አመክሮውን በተመለከተ ሁለት ነገር ያድርጉ። ካሳው በእውነት ካልተከፈለ ይህን በጽሑፍ ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደርና ለፈረደው ፍርድ ቤት ያሳውቁ። የመዝገቡን ቁጥር ይጥቀሱ፤ ማስረጃ ያያይዙ፤ ማኅተም የተደረገበትን ኮፒ ያስቀሩ። እውነቱን ብቻ ይጻፉ። የተቀበሉትን ገንዘብ አልተቀበልኩም ብለው ቢጽፉ ተዓማኒነትዎ ያበቃል፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣብዎ ይችላል። የሚያስፈራዎት ነገር ካለ ደግሞ እሱንም ያንሱ። ፍርድ ቤት በአመክሮ ሲለቅ የጠባይ ግዴታ ሊጥል ይችላል፤ ከተወሰነ ቦታ ወይም ሰው እንዲርቅ፣ ያልተከፈለውን እንዲከፍል ማለት ነው። ዛቻ ካለ ግን አመክሮን አይጠብቁ። ዛሬውኑ ለፖሊስ ያመልክቱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአመክሮው ጊዜ ሲቃረብ ሽማግሌዎች ተመልሰው ሊመጡ ይችላሉ። «ለፎርማሊቲ ነው፤ እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚ» ይባላል። ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ። እርቅ ከፈለጉ መታረቅ መብትዎ ነው፤ እኔም አልከለክልዎትም። ታዲያ ገንዘቡ በባንክ ይግባ። የተከፈለውና ቀሪው በፊደልም በአኃዝም ይጻፍ። የልጆቹ ድርሻ ለብቻው ይቀመጥ። የመጨረሻዋ ብር ሳትገባ «ሙሉ በሙሉ» የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ አይግባ።

አሁን ወደ ኮሚቴው። ኮሚቴው ስለ ታራሚ መብት መነጋገሩ ቅር አይበልዎ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ ያዛል። ማረሚያ ቤት ውስጥ ሠርቶ ገቢ የሚያገኝ ታራሚ ካሳ መክፈል ይችላል፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ግን ለእርስዎም ለማንም አይከፍልም። ቅሬታዎ ትክክል የሚሆነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በወንጀል ሕጉ ያሉት የአመክሮ ድንጋጌዎች ለተበዳይ መጥሪያ ይድረሰው አይሉም። በዚህ ምክንያት ስንት ቤተሰብ የሰውየውን መፈታት የሚያውቀው መንገድ ላይ ሲያገኘው ነው። ለኮሚቴው መጻፍ ያለብዎት ይህን ነው። «እገሌ አይፈታ» አይበሉ። አመክሮ ከመሰጠቱ በፊት ተበዳይ ይነገረው፣ ካሳ መከፈሉ ከተበዳዩ ይጣራ፣ የ1,000 ብሩ ጣሪያ ይሻሻል ይበሉ። ሕግ የሚያወጣ ምክር ቤት ሊሠራው የሚችለው ነገር ነው። በክልል ከሆነ ለክልሉ ምክር ቤት ይጻፉ።

የጠበቃ ክፍያ ካስቸገረዎ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ማዕከላትና የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አሉ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻሉም በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። ከመሄድዎ በፊት የፍርዱን ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ያውጡ፤ የእርቁን ወረቀትም ይፈልጉ። ኮፒው ከጠፋብዎ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይዞት ሊሆን ይችላል። የአመክሮውን ነገር አንሥተው ሳይጨቃጨቁ በትሕትና ይጠይቁ። ከልጆችዎ 18 ዓመት የሞላው ካለ ክሱም ፊርማውም የራሱ ነው፤ ጠበቃው ጋ ሲሄዱ አብሮዎት ይሂድ።