አሮጌ ቼንሶ እየጠገንኩ መኖር እችላለሁ?

ጠያቂያችን የ26 ዓመት ወጣት ነው። የሚኖረው አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ነው። ማታ ማታ ዌርሀውስ (መጋዘን) ይሠራል። ከሁለት ዓመት በፊት ያርድ ሴል ላይ፣ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ግቢያቸው ውስጥ በሚሸጡበት፣ የማይነሳ ሆምላይት ኤክስ ኤል 12 ቼንሶ (ዛፍ መቁረጫ የሞተር መጋዝ) በ15 ዶላር ገዛ። ፈታታው፣ አጠበው፣ አስነሳው። ዛሬ በአጎቱ ጋራዥ ውስጥ 11 አሮጌ ቼንሶዎች ደርድሯል። እናቱ ከአዲስ አበባ እየደወሉ «ቁራሌው ሆንክ እንዴ ልጄ?» ይሉታል። እሱ ደግሞ «ሥራዬን ትቼ በዚህ ብቻ ልኑር ወይ?» ብሎ ጠይቆናል።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የያዘኝ ከጥያቄህ በላይ በመሃል የጻፍከው ነገር ነው። የአንዱን ማካሎክ (ይህም የቼንሶ ዓይነት ነው) ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ ስትከፍት ዲያፍራሙ እንደ ድርቆሽ ደርቆ አገኘኸው። ያ ስስ ሽፋን ከፒስተኑ በታች በሚመጣው የአየር ግፊት ከፍ ዝቅ እያለ ቤንዚን እንደሚስብ፣ ከደረቀ ግን ገመዱ ቢጎተት ቢጎተት ሞተሩ እንደማይነሳ ማንም ሳያስተምርህ ደረስክበት። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዕቃ የሚቀይር ሰው ሞልቷል። ምክንያቱን የሚያገኝ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ቼንሶ ገዝቶ፣ አድሶ በመሸጥ ብቻ መኖር አትችልም ባይ ነኝ። ራስህ የላክልኝን ሂሳብ እንየው። ሁለተኛውን ሆምላይት በ40 ዶላር ገዛህ። ለዲያፍራም፣ ለቤንዚን ቱቦ፣ ለካንዴላና ለሰንሰለት 60 አወጣህ። 12 ሰዓት ለፋህበት። በ180 ሸጥከው። በእጅህ የቀረው 80 ነው፤ በሰዓት 7 ዶላር እንኳ አይሞላም። ጥፋቱ የአንተ አይደለም። ኤክስ ኤል 12 እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ገበያ ላይ ወጥቶ ለብዙ ዓመት ተቸብችቧል፤ በየሰው ጋራዥ አለ። ብርቅ የሆኑት ዋጋ ያወጣሉ፣ ግን እነሱን ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። የቤት ኪራይ ደግሞ ዕድልን አይጠብቅም።

እዚያው ከተማህ ውስጥ የሆነ አንድ ታሪክ ልንገርህ። ጆ ኮክስ ዛፍ ቆራጭ ነበር። በዚያ ዘመን የቼንሶ ሰንሰለት ቶሎ እየደነዘ፣ በመሞረድ ብዙ ጊዜ ይባክን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ጉቶ ላይ አንድ የጥንዚዛ ትል እንጨት ሲበላ አየ። ትሉ በመንጋጋው ግራና ቀኝ እየቆረጠ ነው የሚሄደው። ኮክስ ያንን አስመስሎ፣ ጥርሱ ግራና ቀኝ የሚቆርጥ ሰንሰለት ፖርትላንድ በሚገኘው ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ሠራ። በ1947 መሸጥ ጀመረ። አሁን የምትገዛው ሰንሰለት ራሱ የዚያ ዘር ነው። ልብ በል፣ ሰውየው ቼንሶ አልሸጠም። ቼንሶ ያለው ሰው ሁሉ የሚቸገርበትን ነገር ነው የፈታው።

አንተም የምትሸጠው ያንን መላ የማግኘት ችሎታህን ይሁን። የሣር ማጨጃ፣ ቅጠል መንፊያና ቼንሶ የሚሸጡ ሱቆች ከኋላቸው ጥገና ክፍል አላቸው። ጸደይ ሲመጣ ክረምቱን የተኛው ሞተር ሁሉ አልነሳም ብሎ ይመጣል። ከዚያ በፊት ሂድና ቅዳሜ ቅዳሜ ልሥራ በል። ዌርሀውሱን አሁን አትልቀቅ። ባዶ እጅህንም አትሂድ። አንድ ደብተር ያዝ፤ ለእያንዳንዱ ቼንሶ ሲመጣ ምን ይል እንደነበር፣ ምን እንደፈተሽክ፣ ምን እንዳገኘህ ጻፍ። ፎቶ ጨምርበት። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከየትኛውም ሲቪ ይሻልሃል። በኋላ ኢኩዊፕመንት ኤንድ ኢንጅን ትሬኒንግ ካውንስል የሚባለው የመካኒኮች ፈታኝ ድርጅት የሚሰጠውን የባለ ሁለት ምት ሞተር (እንደ ቼንሶ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚገባበት) ፈተና ውሰድ። የባትሪውንም ትምህርት አትናቅ። ካሊፎርኒያ ከ2024 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ አዳዲስ ትናንሽ የቤንዚን መሣሪያዎች እንዳይሸጡ አድርጋለች፤ ጎረቤት ናችሁ።

አንድ ፈተና ግን ከዛሬ ጀምር። ራሱ በራሱ እየጮኸ ከፍ ይልና ይጠፋል ያልከውን ማካሎክ አውጣው። ካንዴላው እንዳለ ሆኖ የካርቡሬተሩንና የማርሚታውን ቀዳዳ ድፈን። በእጅ ፓምፕ ትንሽ አየር ሙላና ጌጁን እይ። ከወረደ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል። የሳሙና ውሃ ቀባው፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው ክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ ነው። በዚያ በኩል አየር ከገባ አየሩ ይበዛና ቤንዚኑ ይሳሳል። ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩን ይቧጭራል። ካርቡሬተሩን ብቻ እያስተካከለ ሞተሩን የሚገድል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ደህንነትህ ዝም ማለት አልችልም። የእነዚህ ቼንሶዎች አካል ብዙውን ጊዜ ማግኒዚየም ነው። ስትሞርደው የሚወጣው ብናኝ እሳት ከያዘው ውሃ አታፍስበት፤ ይብሳል። የአጎትህ ልጆች ከጋራዡ በላይ ነው የሚተኙት ብለሃል። ብናኙን በየቀኑ ጥረግ፣ ቤንዚኑን ውጭ አስቀምጥ። የ1960ዎቹ ቼንሶዎች ደግሞ የሰንሰለት ፍሬን፣ ማለትም መጋዙ ወደ ሰው ሲፈናጠር ሰንሰለቱን የሚያቆመው፣ የላቸውም። ዛፍ ልቁረጥበት ብሎ ለሚገዛህ ሰው ፊት ለፊት ንገረው፤ ለማሳያ ከሆነ ሰንሰለቱን አውልቀህ ስጠው።

ከ11ዱ ሁሉንም ሽጥ አልልህም። ማካሎክ 3-25ን አቆየው። እ.ኤ.አ. በ1949 ሲወጣ ክብደቱ 25 ፓውንድ ነበር፤ ሁለት ሰው የሚፈልጉ ቼንሶዎች ገና በነበሩበት ዘመን አንድ ሰው ይዞት ጫካ ይገባ ነበር። እሱን ለገንዘብ ሳይሆን ለራስህ አድሰው፤ ጊዜ ይፍጅ። ከቀሩት ውስጥ ስድስቱን ሽጥና ጥሩ የመፈተሻ ፓምፕ ከነጌጁ ግዛበት።

ለእናትህም መካኒክነት እየተማርክ እንደሆነ ንገራቸው። ድምፁን ሰምቶ ብልሽቱን የሚያውቅ መካኒክ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከበር እሳቸው ያውቃሉ።

የዚያን የሚጮኸውን ማካሎክ ጌጅ ስታየው ስንት ላይ እንደቆመ ጻፍልኝ።