መኝታውን ባሞቅሁለት ቁጥር ቁንጫው ፈላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ውሻዬ ውጭ ነው የሚያድረው። ብርዱ ሲጀምር አሳዘነኝና ፍራሽ፣ ሁለት አሮጌ ብርድ ልብስና የማልለብሰውን ሹራብ ቤቱ ውስጥ ከመርኩለት። አሁን ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል፣ ጭራው ሥር ፀጉሩ ሳስቷል። ሰው ሁሉ «በብርድ ጊዜ ቁንጫ የለም» ይለኛል። በቁንጫ ሻምፑ ሁለቴ አጠብኩት፣ በሦስተኛው ቀን ያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያን ሁሉ ያነጠፍሽለት አዝነሽለት ነው፤ ችግሩ ለውሻሽ የሞቀው ቤት ለቁንጫውም ሞቀው። «በብርድ ቁንጫ የለም» የሚሉሽ ሰዎች ሜዳ ላይ ያለውን አስበው ነው። እውነት ነው፣ ብርድ የቁንጫን እድገት ያዘገያል፣ ውርጭ ደግሞ እንቁላሉን ይገድላል። የውሻሽ መኝታ ግን ሜዳ አይደለም። የውሻ ሰውነት ከ38 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ትንፋሹም የተኛበትን ልብስ ያረጥበዋል። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ቁንጫ ወቅት አይመርጥም።

መጀመሪያ ቁንጫ መሆኑን አረጋግጪ። ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥቢና መሬት ላይ አንጥፊ። ውሻሽን እሱ ላይ አቁመሽ ከወገቡ እስከ ጭራው ሥር ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ አበጥሪው። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ነገር ይረግፋል። ትንሽ ጠብቂ። ዙሪያው ቀይ ቡናማ እየሆነ ከተሰራጨ ተራ ቆሻሻ አይደለም፤ ቁንጫው መጥጦ በኩስ መልክ ያወጣው የውሻሽ ደም ነው። ይህን ካየሽ አንድም ቁንጫ በዓይንሽ ባይገባ ቁንጫ አለ። የጭራው ሥር መሳሳትም ወደዚያው ይጠቁማል፣ ምክንያቱም አንዳንድ ውሻ ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ስላለው ጥቂት ንክሻ ብቻ ክፉኛ ያሳክከዋል። በዚያውም መቀመጫው አካባቢ ሩዝ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ካየሽ ለሐኪሙ ንገሪው። ውሻ ሲያክከው በጥርሱ እየቆነጠረ ቁንጫ ይውጣል፣ አንድ ዓይነት የኮሶ ትልም በዚያ መንገድ ይገባበታል።

ሻምፑው ለምን አልሠራም? ሻምፑ የሚገድለው የዛሬውን ነው። ታጥቦ ሲወርድ፣ ነገ የሚዘልበትን የሚከለክል ነገር ገላው ላይ አይቀርም። ዋናው መንጋ ደግሞ ያለው መኝታው ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ፀጉር ላይ ተጣብቆ አይቆይም፣ ውሻው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ጨው እየረገፈ ፍራሹ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተፈልፍሎ ትል ይሆናል፣ ትሉም ድር ሠርቶ ውስጡ ይጠቀለላል። በዚያ መጠቅለያ ውስጥ ለወራት ዝም ብሎ መቆየት ይችላል፣ መድኃኒትም እንደልብ አይደርሰውም። ውሻው መጥቶ ሲተኛ ግን ሙቀቱ፣ ትንፋሹና እንቅስቃሴው ይቀሰቅሰውና ወዲያው ወጥቶ ይዘልበታል። በሦስተኛው ቀን ያየሻቸው እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ ውሻውን ያከምሽ ዕለት መኝታውንም አብረሽ አጽጂ። ለውሻው ሐኪም በክብደቱ ልክ የሚያዝለትን፣ የሚዋጥ ወይም ማጅራቱ ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ስጪው። ማከኩ ቀነሰ ብለሽ አታቋርጪ፤ የተጠቀለሉት ወጥተው እስኪያልቁ ቢያንስ ሦስት ወር ቀጥዪ። ግቢው ውስጥ ሌላ ውሻ ወይም ድመት ካለም አብረው ይታከሙ። ግን አደራ፣ የውሻውን መድኃኒት ለድመት እንዳትቀቢ። ብዙ የውሻ መድኃኒት ውስጥ ያለው ፔርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ ኬሚካል ድመት ይገድላል።

ፍራሹን አውጥተሽ ጣዪው። የማይታጠብ መኝታ የቁንጫ ማራቢያ ነው። ብርድ ልብሶቹን እስክትቀይሪያቸው ድረስ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በደረሰ ውሃ እጠቢ፣ የቤቱን ወለልና የጣውላውን ስንጥቅ ጥረጊ፣ ጥራጊውን በፌስታል ቋጥረሽ ከግቢ አውጪ።

ታዲያ ምን ላንጥፍለት ካልሽ፣ ውጭ ለሚያድር ውሻ ደረቅ ገለባን የሚያህል የለም። ጨርቅ ዝናብና ትንፋሽ ይመጥና ቀዝቅዞ ያድራል። ገለባ ግን በመካከሉ አየር ይይዛል፣ ውሻው ቆፍሮ ይገባበታል፣ ሲረጥብ ወይም ቁንጫ ሲገባበት ደግሞ ሙልጭ አድርገሽ ጠርገሽ አዲስ ታደርጊያለሽ። ቤቱም ትልቅ አይሁን። ቆሞ ለመዞርና ተጠቅልሎ ለመተኛት ከበቃው ይበቃል፣ የሚያሞቀው የራሱ ገላ ነውና። ወለሉን በድንጋይ ወይም በእንጨት ከመሬት አንሺው፣ በሩን ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሪው፣ መጋረጃ የሚሆን ወፍራም ላስቲክ ስቀዪበት። ጠዋት ሲነሳ እጅሽን ገለባው ውስጥ አስገቢ። ደረቅና ለብ ያለ ከሆነ በደንብ አድሯል። እርጥብ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሪ።

ጥያቄ፦ ለውሻ ልብስ ማልበስ አስፈላጊ ነው ወይስ ለፎቶ ነው?

መልስ፦ እንደ ውሻው ነው ወንድሜ። ፀጉሩ አጭር፣ ገላው ቀጭን ወይም ዕድሜው የገፋ ከሆነ አልብሰው፣ ይጠቅመዋል። ወፍራም ድርብ ፀጉር ያለው አያስፈልገውም፤ እሱን አዘውትረህ አበጥረው፣ የተድቦለቦለ ፀጉር አያሞቅምና። የረጠበ ልብስ ከባዶ ገላ የባሰ ስለሚያቀዘቅዝ ወዲያው አውልቅለት። በየቀኑም አውልቀህ ሥሩን እይ፣ ቁንጫ ልብስ ሥር መደበቅ ይወዳል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ «ነጭ ጋዝ ቀባው፣ ነጭ ሽንኩርትም አብላው፣ ቁንጫው በአንድ ቀን ድራሹ ይጠፋል» አለኝ። ልሞክረው?

መልስ፦ በፍጹም አትሞክር! ነጭ ጋዝ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ውሻው ደግሞ የቀባኸውን ይልሰዋል፣ ትንሽ እንኳ ወደ ሳንባው ከገባ ሊሞት ይችላል። በብርድ ጊዜ እሳት አጠገብ እንደሚተኛም አትርሳ። ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፣ ቁንጫን እንደሚያባርር ደግሞ የተረጋገጠ ነገር የለም። ቀብተኸው ከሆነ ብዙ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ተጠቅመህ አጥበህ አድርቀውና ወደ ሐኪም ውሰደው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ውሻዬ ወልዳ ቡችሎቹ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነው። ቁንጫ ወሯቸዋል። መድኃኒቱ ላይ ከስምንት ሳምንት በታች አይሰጥም ይላል። ብርዱም አለ። እንዴት ላድርጋቸው?

መልስ፦ እናቴ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማክበርዎ ትክክል ነው። በዚህ ዕድሜ ዋናው መድኃኒት ማበጠሪያ ነው። የሳሙና ውሃ በሳህን አጠገብዎ ያድርጉ፣ ቡችሎቹን አንድ በአንድ ጭንዎ ላይ አድርገው ያበጥሩ፣ የያዙትን ቁንጫ ሳህኑ ውስጥ ይንከሩት። ጠዋትና ማታ ያድርጉት። አታጥቧቸው ማለቴ አይደለም፣ ግን ለብ ባለ ውሃ ፈጠን ብለው አጥበው ወዲያው በፎጣ ያድርቋቸው። ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል እርጥብ ሆኖ ከቆየ ብርዱ ይገድለዋል።

እናትየውን ለምታጠባ ውሻ የሚሆን መድኃኒት በሐኪም ያሳዝዙላት፣ ቁንጫው ከእሷ ነው የሚመጣው። የሚተኙበትን ጨርቅ በየቀኑ ይቀይሩ። ሲያነሱት ግን አያራግፉት፣ እንቁላሉ እንዳይረግፍ ወደ ውስጥ ጠቅልለው ይውሰዱት። ለሙቀቱ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው በአንድ ጎን ብቻ ያስቀምጡላቸው፣ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ቦታ ያግኙ። ከሰል አያስገቡባቸው፣ ጭሱ ባይታይም ያፍናቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በየቀኑ ይዩልኝ። ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው ድዳቸውን ይመልከቱ። ሮዝ መሆን አለበት። ነጣ ካለ፣ ወይም አንዱ መጥባት ትቶ ከሌሎቹ ተነጥሎ ከተኛ፣ ቁንጫው ደሙን ጨርሶበት ሊሆን ይችላል። እስከ ነገ አይቆዩ፣ እቅፍዎ ውስጥ አሙቀው ያንኑ ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።