መልስ፦ ሃዋይ በረዶን ያወቀችው ከአሜሪካኖች አይደለም

«ሃዋይ ሞቃት አገር ናት፤ በረዶን ያስተዋወቋት አሜሪካኖች አይደሉም ወይ? ፍሪጅስ ከቅኝ ግዛት ጋር ምን አገናኘው?» ብለሃል።

የመጀመሪያው ትክክል አይደለም። ማውና ኬያ የሚባለው ተራራቸው 4,207 ሜትር ነው። በክረምት አናቱ በረዶ ይለብሳል። የአገሬው ሰዎች ፖሊያሁ የምትባል የበረዶ አምላክ አለቻቸው። ነጮቹ ከመድረሳቸው ከብዙ ዘመን በፊት ወደዚሁ ተራራ እየወጡ ድንጋይ ፈልጠው መጥረቢያ ይሠሩ ነበር።

አዲሱ ነገር ንግዱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በረዶ በመርከብ ተጭኖ ሆኖሉሉ ይገባ ጀመር። በኋላ የበረዶ ፋብሪካ እዚያው ተተከለ።

ዋናው ጉዳይ ግን መሬቱና ውሃው ነው። የሃዋይ ሰዎች ዋና ምግብ ከጥንት ጀምሮ ጎደሬ ነበር። አብስለው ይወቅጡትና በውሃ አላልተው ፖይ ያደርጉታል። ፖይ ፍሪጅ አይፈልግም፤ እንደ እኛ ሊጥ እየኮመጠጠ ለቀናት ይቆያል። የስኳር ባለሀብቶች ግን የወንዞቹን ውሃ በቦይ ወደ ሸንኮራ እርሻቸው ጠለፉት። የጎደሬው ማሳ ደረቀ። በ1893 (እ.ኤ.አ.) ነጋዴዎች በአሜሪካ ወታደሮች ተደግፈው ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋን አወረዱ። በ1898 አሜሪካ አገሪቱን ጠቀለለች። ራሱን ይመግብ የነበረ ሕዝብ ዛሬ አብዛኛው ምግቡ ከውጭ የሚመጣ ነው። ፍሪጅ የግድ የሆነበት እንዲህ ነው፤ በጣም ያሳዝናል።

ደስ የሚለው፣ የማዊ ደሴት ጎደሬ አምራቾች ለአሥርት ዓመታት በሕግ ተሟግተው ከወንዞቻቸው ውሃ የተወሰነውን አስመልሰዋል።